የተራበ ሰውነት ሒሳብ፦ የአንሰል ኪይስ ጥናቶች ከድሬዳዋ ሲታዩ

ባለፉት ጥቂት ዓመታት እንደሆነው ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ወቅት ሲገጥሙ፣ ድሬዳዋ ቀን ላይ ከምግቡ ይልቅ የምግብ ወሬ የሚበዛባት ከተማ ትሆናለች። ከዚራ ጥላ ሥርም ሆነ መጋላ ሱቅ ደጃፍ ላይ ወሬው ዞሮ ዞሮ ጾም ሰውነትን ያዘገያል ወይ የሚለው ላይ ያርፋል። "ሜታቦሊዝሜ ሞቷል" (ሰውነቴ ምግብን ወደ ኃይል መቀየር ትቷል ማለቱ ነው) የሚል ወጣት አለ፤ "እኔ የምወፍረው ከጾም በኋላ ነው" የምትል እናት አለች፤ ጂም የሚመላለሰው ደግሞ ከስልኩ ያነበበውን ይጨምርበታል። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት ይዘዋል፣ ነገር ግን የተለያዩ እውነቶችን ደባልቀው ነው።

ስለ ረሃብና ስለ ክብደት ከምናውቀው ውስጥ ብዙው የወጣው አንሰል ኪይስ ከተባለ አሜሪካዊ ፊዚዮሎጂስት ቤተ ሙከራ ነው። ፊዚዮሎጂስት ማለት ሕያው አካል እንዴት እንደሚሠራ የሚያጠና ሳይንቲስት ነው። ኪይስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1904 ተወልዶ በ2004 አረፈ (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም በዚያው አቆጣጠር ናቸው)። ዛሬ ኢንተርኔት ላይ ግማሹ ሰው እንደ ነቢይ፣ ግማሹ እንደ አታላይ ያወራለታል። ሁለቱም ወገን አንድ ቀላል ጥያቄ ቢጠይቅ ኖሮ ጭቅጭቁ ይቀልል ነበር፤ ሰውየው የለካው ማንን ነው? በምን ሁኔታ ላይ ሳሉስ?

ኪይስ ወደ ምግብ ጥናት የደረሰው ቀጥ ባለ መንገድ አይደለም። ካሊፎርኒያ ውስጥ አደገ፤ በልጅነቱ ዋሻ ውስጥ የሌሊት ወፍ ኩስ ዝቋል፣ እንጨት ቆራጮች ሰፈር ሠርቷል፣ በመርከብ ሠራተኝነት ቻይና ደርሶ ተመልሷል። የመጀመሪያ ዲግሪው ኢኮኖሚክስና ፖለቲካል ሳይንስ ነበር፣ የመጀመሪያ ዶክትሬቱ ደግሞ የባሕር ጥናትና ባዮሎጂ። ከዚያ ኮፐንሃገን ሄዶ በኖቤል ተሸላሚው ኦገስት ክሮግ ሥር ዓሣ በስንጥቡ በኩል ጨው እንዴት እንደሚያስወግድ አጠና፤ በመጨረሻም ካምብሪጅ ላይ በፊዚዮሎጂ ሁለተኛ ዶክትሬት ያዘ። ከዓሣ ወደ ሰው የተሻገረው ከፍታን በማጥናት ነው። በ1935 ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ቺሊ ተራሮች ላይ ወጥቶ፣ ከ6,000 ሜትር በላይ ተቀምጦ ደሙ እንዴት እንደሚለወጥ በራሱ ላይ ለካ። ከድሬዳዋ ደንገጎን ወጥቶ ሐረር የሚገባ ሰው 700 ሜትር ያህል ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ጆሮው ይደፈንበት ይሆናል እንጂ ሌላ ብዙ ነገር አያይም። ኪይስ የወጣበት ከፍታ ላይ ግን አየሩ የያዘው ኦክስጅን ከባሕር ወለሉ ግማሽ በታች ነው።

ከዚህ በኋላ ሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ገባ። ቤተ ሙከራው የተሠራው ከዩኒቨርሲቲው ስታዲየም መቀመጫዎች ሥር ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መግቢያ ላይ ለአሜሪካ ወታደሮች በኪስ የሚያዝ ስንቅ እንዲያዘጋጅ ተጠየቀና ብስኩት፣ ደረቅ ሥጋ፣ ቸኮላት አንድ ላይ አሽጎ አቀረበ፤ ኬ-ራሽን የሚባለው ያ ነው። በሶና ጭኮ ቋጥሮ ዘመቻ ለሚወጣ ሕዝብ ሐሳቡ ብዙ አያስደንቅም።

ወደ ዋናው ነገር ከመግባታችን በፊት ሜታቦሊዝም የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚለካ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ሳይለካ "ሞተ" ሊባል አይችልምና። ሰውየው ሌሊቱን ሳይበላ ያድራል፤ ጠዋት ነቅቶ ግን ሳይነሣ፣ ጸጥ ብሎ ተጋድሞ፣ የሚተነፍሰው አየር ይሰበሰባል። ሰውነት ምግብን ወደ ኃይል የሚቀይረው ኦክስጅን ተጠቅሞ ስለሆነ፣ ስንት ሊትር ኦክስጅን እንደወሰደ ከታወቀ ስንት ካሎሪ እንደፈጀ ይታወቃል፤ ለአንድ ሊትር ወደ 5 ካሎሪ ገደማ ነው። (በሳይንሱ ቋንቋ ኪሎካሎሪ ይባላል፤ እዚህ በተለመደው አጠራር እንቀጥል።) የሚወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚገባው ኦክስጅን ጋር ሲነጻጸር ደግሞ ሰውነቱ በዚያ ሰዓት የሚጠቀመው ስታርችና ስኳር ይሁን ስብ ይነግራል፤ ንጽጽሩ 1 ሲሆን የመጀመሪያው ነው፣ 0.7 ሲሆን ስብ።

በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር መሠረታዊ ፍጆታ ይባላል፤ ሰው ምንም ሳይሠራ በሕይወት ለመቆየት ብቻ የሚያወጣው ማለት ነው። ከባድ የጉልበት ሥራ በሌለው ሰው ላይ ከቀኑ ጠቅላላ ፍጆታ ግማሹን በደንብ ያልፋል። አብዛኛውን የሚወስዱትም ጡንቻዎች አይደሉም፤ ጉበት፣ አንጎል፣ ልብና ኩላሊት አንድ ላይ ከሰውነት ክብደት 6 በመቶ ያህል ቢሆኑ ነው፣ ከመሠረታዊው ፍጆታ ግን ከግማሽ በላይ ይበላሉ። ስለዚህ ሜታቦሊዝም የሞተበት ሰው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ሊያማርር አይችልም።

በ1944 ጦርነቱ ወደ ማብቂያው ሲቃረብ የአውሮፓ ከተሞች ተርበው ነበር። እርዳታ ሰጪዎች አንድ ነገር አላወቁም፤ ለወራት የተራበን ሰው ስንትና ምን አብልቶ ነው መመለስ የሚቻለው? ኪይስና ባልደረቦቹ ይህን ለማወቅ ሰዎችን ሆን ብለው ለማስራብ ወሰኑ። ፈቃደኞቹ በሃይማኖታቸውና በሕሊናቸው ምክንያት መሣሪያ አናነሣም ብለው በጦርነቱ ፈንታ በሌላ አገልግሎት የተመደቡ ወጣቶች ነበሩ። ከ200 በላይ ሰዎች እጃቸውን አወጡ፤ 36 ተመረጡ።

መጀመሪያ ለ12 ሳምንት በቀን 3,200 ካሎሪ ያህል እየበሉ መደበኛ ልካቸው ተመዘገበ። ከዚያ ለ24 ሳምንት ምግባቸው ወደ 1,570 ካሎሪ ገደማ ወረደ፤ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ድንች፣ ሥራ ሥር፣ ጥቁር ዳቦ፣ መኮሮኒ። በሳምንት 35 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ግዴታ ነበር። ዓላማው ከክብደታቸው ሩቡን ያህል እንዲያጡ ነው፤ አጡም። እዚህ ላይ አንባቢ 1,570 የሚለውን ቁጥር ልብ ይበል። ዛሬ ቲክቶክ ላይ "በወር 10 ኪሎ ቀንሱ" እያሉ ከሚታደሉት የምግብ ዝርዝሮች ብዙዎቹ ከዚህም ያንሳሉ። ኪይስ ረሃብ ብሎ የሰየመውን ሌላው ፕሮግራም ብሎ ይሸጠዋል።

በእነዚያ ስድስት ወራት የሆነው ነገር ሜታቦሊዝም "ይዘገያል" የሚለው አነጋገር ምን ማለት እንደሆነ በግልጽ ያሳያል። መሠረታዊ ፍጆታቸው በ40 በመቶ ያህል ቀነሰ። ከዚህ ውስጥ ከፊሉ የሰውነት ማነስ ውጤት ነው፤ ትንሽ ሰውነት ትንሽ ይፈጃል። ቀሪው ግን የተረፈው ሥጋ ራሱ፣ ኪሎ በኪሎ ሲነጻጸር፣ ከበፊቱ ያነሰ መፍጀት ስለጀመረ ነው። የልብ ምታቸው ዘገየ፣ የሰውነታቸው ሙቀት ወረደ፣ እግራቸው አበጠ፣ ጸጉራቸው መርገፍ ጀመረ። የሚቀመጡበት ሥጋ ስላለቀ ትራስ ይዘው መዞር ጀመሩ። ሐምሌ ሚኒሶታ ላይ በጋ ነው፤ እነሱ ግን ብርድ ልብስ ይጠይቁ ነበር። በሰኔ ቀትር ድሬዳዋ ላይ ጋቢ ደርቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው እንደማየት ነው።

ከአካሉ ይልቅ የሚያስገርመው ግን አእምሮው ነው። የማሰብ ችሎታቸው ሲፈተን አልቀነሰም፤ እነሱ ግን ማተኮር አቃተን ይሉ ነበር፤ ሐሳባቸውን ሁሉ ምግብ ያዘው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ድስት አጠገብ ያልደረሱ ወንዶች የምግብ አሠራር መጻሕፍት መሰብሰብ ጀመሩ። ሳህን ላሱ። አንድን ትንሽ ማዕድ እያገላበጡ ሁለት ሰዓት የሚያስቆጥሩ ነበሩ። የፍቅር ፍላጎታቸው ጠፋ፤ ጨዋታቸው ነጠፈ። ከተማ ወጥተው ተደብቀው የበሉ ስለተገኙ ብቻቸውን እንዳይወጡ ተደረገ። ቡናና ማስቲካ አልተከለከለም ነበርና በእነሱ ረሃባቸውን ማታለል ያዙ፤ በቀን 40 ፓኬት ማስቲካ ያኘከ ነበር፤ ቡናም ከመብዛቱ የተነሣ በቀን ከዘጠኝ ሲኒ እንዳይበልጥ ሕግ ወጣበት። (ሐረር ላይ ቢሆን ይህ ሕግ አንድ ቀንም አያድር።)

መልሶ የመመገቡ ጊዜ ይበልጥ አስተማሪ ሆነ። ሰዎቹ ተከፋፍለው የተለያየ መጠን ተሰጣቸው፤ ለከፊሎቹ ቫይታሚን፣ ለከፊሎቹ ተጨማሪ ፕሮቲን ታከለላቸው። ቫይታሚኑም ፕሮቲኑም በራሳቸው ብዙ ለውጥ አላመጡም፤ ለውጥ ያመጣው ጠቅላላው የካሎሪ መጠን ነው። ኪይስ ለአዋቂ ሰው በቀን እስከ 4,000 ካሎሪ፣ ያውም ለወራት፣ ያስፈልጋል ብሎ ደመደመ። ሰዎቹ ሆዳቸው እስኪነፋ በልተው እንኳ ረሃቡ አልለቀቃቸውም። ሲመለሱም ስቡ ከጡንቻው ቀድሞ መጣ፤ እስከ መጨረሻ ክትትል የተደረገላቸው ሰዎች ክብደታቸው ሲመለስ የሰውነት ስባቸው ከመጀመሪያው በልጦ ተገኘ። ጊዜ ሲያልፍ ይህ ተስተካክሏል። በረሃብ መሰል አመጋገብ ክብደት ቀንሶ ሲያቆም "ከበፊቱ በላይ ወፈርኩ" ለሚል ሰው መልሱ እዚህ አለ፤ ስንፍና አይደለም፣ ሰውነቱ ያጣውን ሲመልስ የሚከተለው ቅደም ተከተል ነው።

ይህ ሙከራ ዛሬ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፊት ቢቀርብ የሚያልፍ አይመስለኝም። ደግሞም 36ቱ ሁሉ ወጣት፣ ጤነኛ፣ አሜሪካዊ ወንዶች ነበሩ። ሴት የለም፣ ሕፃን የለም፣ አዛውንት የለም። ሁሉም ረሃቡ የሚያበቃበትን ቀን ያውቁ ነበር፤ ሐኪምም አጠገባቸው ነበር። ድርቅ የመታው ቤተሰብ ከነዚህ አንዱም የለውም።

አሁን ወደ ጾሙ እንመለስ፤ "ሜታቦሊዝሜ ሞቷል" ያለው ወጣት ምኑን ከምን እንደደባለቀ ይታያል። ሰው ከበላ በኋላ ትርፉን ስኳር ጉበቱ ውስጥ ያስቀምጣል፤ 100 ግራም አካባቢ ነው። ሳይበላ ሲቆይ ጉበት ከዚያ ቀስ በቀስ እየለቀቀ የደሙን ስኳር ይጠብቃል። ግማሽ ቀን ካለፈ በኋላ ይህ ክምችት እየሳሳ ይሄድና ሰውነት ይበልጥ ወደ ስቡ ይዞራል። ይህ ለሰው ልጅ የተለመደ የዕለት ሥራ ነው። ከስሑር እስከ መግሪብ የቆየ ጿሚ፣ ወይም በሁዳዴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የጠበቀ፣ በቀኑ መጨረሻ መሠረታዊ ፍጆታው አልወደቀም። የሚኒሶታው ውድቀት የመጣው በየቀኑ ከሚያስፈልግ ግማሹን ብቻ እየበሉ ሳምንታት ሲቆጠሩ ነው።

ስለዚህ ከጾም ሰዓቱ ይልቅ የማታው ማዕድ ነው መታየት ያለበት። ከሥጋና ከቅቤ መከልከል በራሱ ረሃብ አይደለም፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ዘይትና በቂ እንጀራ፣ የማሽላም ይሁን የጤፍ፣ የቀኑን ካሎሪ ይሞላሉ። ማታ ደክሞት ጥቂት ጎርሶ የሚተኛ የጉልበት ሠራተኛ ግን፣ ሁለት ወር ያህል እንዲህ ከቀጠለ፣ ቀስ እያለ ወደ እነዚያ ሰዎች ጎራ ይገባል። "ከጾም በኋላ ነው የምወፍረው" ያለችው እናት ደግሞ በጾሙ ወቅት ክብደቷ ቀንሶ ከሆነ ስቡ ቀድሞ መመለሱ ነው፤ ካልቀነሰ ግን ነገሩ የሚመለከተው ፋሲካን ነው። በዘይት የተጠበሰ ሳምቡሳ በየማታው ለሚያፈጥርም ሒሳቡ ያው ነው።

ጫትንም ሳልጠቅስ ባልፍ በዚህ አካባቢ ቀልድ ይሆናል። በጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የሚባል ንጥረ ነገር ነርቭን ያነቃል፣ የምግብ ፍላጎትንም ይዘጋል። በርጫ ላይ ያለ ሰው አይራብም፤ የጠፋው ግን የረሃቡ ስሜት ነው እንጂ የሰውነቱ ፍላጎት አይደለም። ሚኒሶታ ላይ ማስቲካና ቡና የሠሩትን ሥራ ጫት በበለጠ ኃይል ይሠራዋል። ምሳውን በልቶ የሚቅምና በባዶ ሆድ ጀምሮ እራት ሳይበላ የሚያድር ሰው በሜታቦሊዝም ዓይን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው።

በከባድ የተጎዳ ሰውን መመገብ ላይ ሕክምናው ከኪይስ በኋላ ብዙ ተጉዟል። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰው በአንዴ ብዙ ከበላ ደሙ ውስጥ ያሉት ፎስፌት፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም በድንገት ወደ ሕዋሶች ገብተው ይጎድላሉ፤ ልብ እስከ መቆም ሊደርስ ይችላል። ለዚህ ነው በከፍተኛ የምግብ እጥረት ሆስፒታል የገባ ሕፃን መጀመሪያ በ100 ሚሊ ሊትር 75 ካሎሪ ብቻ ያለው ወተት በጥቂት በጥቂቱ የሚሰጠው፣ ከተረጋጋ በኋላ ወደ 100 የሚያድገው። እናት "ልጄ እየራበው ለምን ትንሽ ትሰጡታላችሁ?" ብላ ስትቆጣ ነርሶች የሚመልሱት መልስ ይኸው ነው። ሆስፒታል መግባት የማያስፈልገው ልጅ ደግሞ ቤቱ ሆኖ ፕላምፒናት ይበላል፤ ለውዝ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድናት ተለውሰው፣ በአንድ ከረጢት 500 ካሎሪ ያህል። ዋናው ነገር ለውዝ መሆኑ ለባቢሌ ሰው ደስ የሚል ወሬ ነው። ይህ ማለት ግን የተጎዳን ሕፃን በባቢሌ ለውዝ ብቻ ማከም ይቻላል ማለት አይደለም፤ ሕፃኑን የሚያድነው ወተቱና ማዕድናቱ ተመጥነው መግባታቸው ነው።

ኪይስ ከረሃብ ጥናቱ በኋላ ወደ ተቃራኒው ዞረ። የአሜሪካ ነጋዴዎችና ኃላፊዎች ጠግበው እየበሉ በልብ ሕመም ይሞቱ ነበር። በ1951 ሮም ላይ አንድ የኔፕልስ ሐኪም በከተማው ሠራተኞች ዘንድ የልብ ሕመም ብርቅ ነው አለው። ኪይስ አላመነም፤ ባዮኬሚስት ከነበረችው ባለቤቱ ከማርጋሬት ጋር ሄዶ ደም ለካ። የድሃ ሠራተኞቹ ኮሌስትሮል (በደም ውስጥ የሚዞር፣ ሲበዛ ለልብ ሕመም የሚያጋልጥ ቅባት መሰል ነገር) ዝቅ ያለ፣ የባለጸጎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በቁጥጥር በተደረጉ የአመጋገብ ሙከራዎች እንደ ቅቤና ጮማ የሚረጋው ቅባት የደም ኮሌስትሮልን እንደሚጨምር፣ እንደ ሱፍና በቆሎ ዘይት ያለው ፈሳሽ ቅባት እንደሚቀንስ፣ ምግብ ውስጥ ያለው ኮሌስትሮል ራሱ ደግሞ የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ እንደሆነ አሳየ። ይህ ክፍል እስከ ዛሬ አልተናጋም። ለእኛ ትርጉሙ ኩሽና ውስጥ ነው። ከውጭ የሚገባው የፓልም ዘይት ከተክል ይምጣ እንጂ ግማሹ ያህል የሚረጋው ዓይነት ቅባት ነው፤ "የአትክልት ዘይት ስለሆነ ችግር የለውም" የሚባለው ለእሱ አይሠራም።

ጭቅጭቁ የመጣው ከሙከራ ወጥቶ አገር ከአገር ሲያወዳድር ነው። በ1958 የተጀመረው የሰባት አገሮች ጥናት ከ40 እስከ 59 ዓመት የሆናቸውን 12,763 ወንዶች ተከታተለ፤ አሜሪካ፣ ፊንላንድ፣ ኔዘርላንድስ፣ ጣሊያን፣ ዩጎዝላቪያ፣ ግሪክና ጃፓን። በልብ ሕመም የሞተው ሰው በምሥራቅ ፊንላንድ እጅግ ብዙ፣ በግሪኳ ቀርጤስና በጃፓን ትንሽ ነበር። አስገራሚው፣ ቀርጤሶችም ፊንላንዶችም ከምግባቸው ካሎሪ ወደ 40 በመቶ የሚጠጋውን ከቅባት ያገኙ ነበር፤ የቀርጤሱ የወይራ ዘይት፣ የፊንላንዱ ወተትና ቅቤ። ኪይስ "ቅባት ገዳይ ነው" ብሏል የሚሉት ይህን ንጽጽር አላዩም።

"ከ22 አገሮች ለሐሳቡ የሚመቹትን ሰባት ብቻ መረጠ" የሚለው ታዋቂ ክስም ሁለት ነገር የደባለቀ ነው። 22 አገሮች የሚለው ነገር የተነሣው በ1953 ባወጣው፣ የስድስት አገሮችን የቅባት ፍጆታ ከልብ ሞት ጋር ባወዳደረ ግራፍ ላይ በ1957 በቀረበ ትችት ነው፤ የሰባት አገሮች ጥናት ያኔ አልተጀመረም። ትችቱ ግን ልክ ነበር፤ ሁሉም አገሮች ሲካተቱ በቅባትና በልብ ሞት መካከል ያለው ዝምድና ላላ። በኋላ ለሰባቱ ጥናት አገሮቹ የተመረጡት በዕጣ አይደለም፣ ተባባሪ ተመራማሪ በተገኘበት ነው። እንደዚህ ያለ ጥናት አገሮች ለምን እንደሚለያዩ ይጠቁማል እንጂ አንድን ሰው ምን እንደገደለው አያረጋግጥም።

ለኢትዮጵያ አንባቢ ግን ከዚህ ሁሉ የሚጥመው አንድ ትንሽ ዝርዝር ነው። ቀርጤስ ላይ ሰዎቹ የሚበሉት ከተመዘገበባቸው ጊዜያት አንዱ በዐቢይ ጾም ወቅት ነበር። የግሪክ ኦርቶዶክስ ክርስቲያኖችም እንደ እኛዎቹ በጾም ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ይተዋሉ። የኪይስ ቡድን ጾሙን አጥብቆ የሚይዘው ሰው ብዙ አልነበረም ብሎ አለፈው፤ በኋላ የመጡ ግሪካውያን ተመራማሪዎች ደግሞ ለመሆኑ የመዘገባችሁት የሜዲትራኒያን አመጋገብን ነው ወይስ ጾምን ብለው ጠየቁ። ሐረር ውስጥ የምግብ ቅኝት ላድርግ የሚል ሰው በሁዳዴ፣ በረመዳንና ከዚያ ውጭ ባለው ጊዜ ቢመጣ የሦስት ከተማ ሰው የመዘገበ ይመስለዋል።

እንግሊዛዊው ፊዚዮሎጂስት ጆን ዩድኪን የልብ ችግር ከስኳር ነው ሲል ኪይስ በብዕር ክፉኛ አጠቃው። ስኳርን በሚመለከት ኪይስ ከሚገባው በላይ ችላ ብሏል ብዬ አምናለሁ፤ ዛሬ ሻይ ብርጭቆ ውስጥ ግማሽ ድረስ ስኳር ለምንጨምር፣ በርጫ ላይም ለስላሳ ለምንደረድር ሰዎች የዩድኪን ጭንቀት ቅርብ ነው። ከ1968 እስከ 1973 ደግሞ ኪይስ ከመሪዎቹ አንዱ የነበረበት ትልቅ ሙከራ ሚኒሶታ ውስጥ ተካሄደ። በአእምሮ ሕክምና ተቋማትና በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ የነበሩ ከ9,000 በላይ ሰዎች በዕጣ ተከፍለው፣ ለግማሹ የሚረጋው ቅባት በበቆሎ ዘይት ተተካ። ኮሌስትሮላቸው ወረደ፤ ሞት ግን አልቀነሰም። ውጤቱ እስከ 1989 አልታተመም፤ ያልታተመው መረጃ ተፈልጎ ተተንትኖ የወጣው በ2016 ነው። ብዙዎቹ ተሳታፊዎች በምግቡ ላይ የቆዩት ለአጭር ጊዜ ስለሆነ ጥናቱ ብቻውን ነገሩን አይዘጋም። ነገር ግን የሚመች ውጤት ቶሎ ሲታተም የማይመቸው መሳቢያ ውስጥ ዓመታት መተኛቱ ለሳይንስ ክብር አይደለም።

የኪይስ ሥራ በእያንዳንዳችን ካርድ ላይ የተጻፈው በቢኤምአይ ነው፤ ክብደት በኪሎ፣ ለቁመት በሜትር ካሬ ሲካፈል። ቀመሩን በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያወጣው ቤልጂየማዊው የሒሳብ ሊቅ ኬትሌ ነው። ኪይስና ባልደረቦቹ በ1972 በአምስት አገሮች ከ7,400 በላይ ወንዶችን ወስደው የተለያዩ ቀመሮችን ከቆዳ ሥር ስብ ልኬት ጋር አወዳደሩ፤ ይህኛው ከቀሩት የማይከፋና ለማስላት ቀላል ሆኖ ስላገኙት መረጡት፣ ዛሬ የሚጠራበትንም ስም ሰጡት። የተመረጠው ብዙ ሕዝብን ለማነጻጸር ነው፤ አንድን ሰው ወፍራም ነህ፣ ቀጭን ነህ ብሎ ለመፍረድ አልነበረም።

ድሬዳዋ ላይ ይህ ጉዳይ በተግባር ይታያል። 1 ሜትር ከ70 ሆኖ 52 ኪሎ የሚመዝን ሰው ቢኤምአዩ 18 ነው፤ ከ18.5 በታች ስለሆነ "ክብደቱ ያነሰ" ይባላል። ሰውየው እግረ ረጅምና አጭር ወገብ ያለው አርብቶ አደር ከሆነ ግን ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል፤ ክብደት የሚበዛው ደረትና ሆድ ላይ እንጂ እግር ላይ ስላልሆነ፣ እግር ሲረዝም ቁመቱን በካሬ የሚያካፍለው ቀመር ሰውየውን ከእውነቱ ይበልጥ ያከሳዋል። ይህ ኢትዮጵያ ውስጥ በሕፃናት ላይ ተጠንቷል፤ በክብደትና ቁመት ሲለኩ ከአርሶ አደር ልጆች ይልቅ የአርብቶ አደር ልጆች የተጎዱ መስለው ይታያሉ፣ በክንድ ዙሪያ ሲለኩ ግን ልዩነቱ በጣም ይጠባል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ባሉ ልጆች ክንድ ላይ የሚጠመጥሟት ባለ ቀለም ሜትር ለዚህም ጭምር ትጠቅማለች፤ ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ቀይ፣ ከዚያ እስከ 12.5 ቢጫ።

በሌላው ጫፍ ደግሞ ቢኤምአዩ 24 ሆኖ "መደበኛ" የተባለ፣ ቀኑን ሙሉ ሱቅ የሚቀመጥ ነጋዴ አለ፤ እጅና እግሩ ቀጭን፣ ሆዱ ግን ወጣ ያለ። ለስኳር በሽታና ለደም ግፊት የሚያጋልጠው ሆድ ውስጥ የተከማቸው ስብ ስለሆነ፣ ለእሱ ከሚዛን ይልቅ የልብስ ሰፊ ሜትር ወገቡ ላይ ቢዞር የተሻለ ይናገራል። ወገቡ ከቁመቱ ግማሽ ከበለጠ የደም ስኳሩን መመርመር ይገባዋል። ለቀጭኑ ሰው ደግሞ ሐኪም መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት የዛሬውን ቁጥር ብቻ አይደለም፤ ከስድስት ወር በፊት ስንት ኪሎ ነበርክ ማለት አለበት። ዕድሜ ልኩን 52 ኪሎ የነበረ ሰውና ከ58 ወርዶ 52 የገባ ሰው ካርዳቸው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር አላቸው፤ ሁለተኛው፣ ጾምም ሆነ ሌላ የታወቀ ምክንያት ከሌለው፣ የሳንባ ነቀርሳና የስኳር ምርመራ ያስፈልገዋል።